የዕለት ዝናብ ድምር አልገጥም ሲል

በሩቅ ጣቢያ ካለ አውቶማቲክ መሣሪያ በሞደም የሚመጣው የዝናብ መረጃ፣ እዚያው ግቢ ታዛቢው በእጅ ከሚለካው ጋር ቀን በቀን አልገጥም ብሎ አስቸገረኝ። የወሩ ድምር ግን ተቀራራቢ ነበር። ፍንጩ እሱ ነው፤ መሣሪያው ቢበላሽ ኖሮ ድምሩም ይዛባ ነበር።

ችግሩ የሰዓት ሆኖ ተገኘ። መሣሪያው የሚሠራው በዩቲሲ (ከእኛ ሰዓት በ3 ሰዓት ወደኋላ በሚቀረው ዓለም አቀፍ መደበኛ ሰዓት) ስለሆነ ቀኑን የሚዘጋው 00፡00 ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ታዛቢው ግን ካለፈው ጠዋት ጀምሮ የጣለውን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ለክቶ በዚያው ዕለት ቀን ይጽፋል። ሰኞ ማታ 1 ሰዓት የጣለው ዝናብ በመሣሪያው የሰኞ፣ በመዝገቡ የማክሰኞ ይሆናል። ክረምት ላይ ደግሞ ከሰዓት በኋላና ማታ ነው የሚዘንበው።

የ15 ደቂቃውን ጥሬ መረጃ ሳልነካ በዩቲሲ ተውኩት። የዕለቱን ድምር ብቻ በዩቲሲ ከ06፡00 (በእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት) እስከ ማግስቱ 06፡00 ደምሬ በማግስቱ ቀን አስቀመጥኩት። 06፡00 ተብሎ የተመዘገበው ያለፈውን ሩብ ሰዓት ስለሚይዝ የሚደመረው ከሚያበቃው ቀን ጋር ነው። ገጠመ! ጥሬውን መረጃ እባካችሁ አትቀይሩት፤ ከተቀየረ መመለሻ የለውም።

አሁን የሚታየው ልዩነት ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ብቻ ነው፤ እየሞላ በሚገለበጥ ማንኪያ የሚቆጥር መለኪያ ያኔ አሳንሶ ይቆጥራል።