አፉን አልከፍት ያለን ሰው ጥርስ ስንንከባከብ የምንሳሳታቸው ነገሮች

እምቢታን እንደ እልህ መቁጠር። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ሕመሙን በቃል መናገር የማይችል ሰው ጥርሱ ሲታመም በሌላ መንገድ ያሳያል፤ የሚወደውን ምግብ ይገፋል፣ በአንድ ወገን ብቻ ያኝካል፣ ጉንጩን ይዳብሳል፣ ሌሊት ይነጫነጫል። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ራሱን ሊመታ ይችላል። የመርሳት ችግር ያለባቸው አረጋዊ ትናንት ያጠለቁትን ሰው ሠራሽ ጥርስ ዛሬ አላደርግም ካሉ፣ ድዳቸው ቆስሎ ይሆናል። ከመቆጣት በፊት ከንፈሩን በቀስታ ገለጥ አድርጎ ድዱን በባትሪ ብርሃን ማየት ይቀድማል። ያበጠ ወይም መግል የያዘ ነገር ከታየ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ነው።

ፊት ለፊት ቆሞ፣ አንገቱን ወደ ኋላ አዘንብሎ መቦረሽ። ለቦራሹ ይመቻል፤ መዋጥ ለሚቸግረው ሰው ግን አደገኛ ነው። አረፋውና ምራቁ ወደ ጉሮሮው ይወርድና ትን ይለዋል፤ ወደ ሳንባ ከገባ ደግሞ የሳንባ ምች ሊያስከትል ይችላል። ቀና ብሎ ይቀመጥ፤ እርስዎ ከኋላው ወይም ከጎኑ ሆነው ራሱን በክንድዎ ይደግፉ፣ አገጩ ትንሽ ወደ ታች ይበል። ፍሎራይድ ያለው፣ ብዙ አረፋ የማያወጣ የጥርስ ሳሙና ጥቂት ይበቃል። ትርፉን በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ። ጣትዎን በጥርሶቹ መካከል አያስገቡ፤ መንጋጋው ሳይፈልግ በድንገት ሊገጥም ይችላል።

ብሩሹን ከእጁ መውሰድ። እጁ ስለተንቀጠቀጠ ብቻ የሚችለውን አንቀማው። የብሩሹን እጀታ በፎጣ ጠቅልሎ ማወፈር ብዙዎችን በራሳቸው እንዲቦርሹ ያስችላቸዋል። የቀረውን እኛ እንጨርሳለን።

መድኃኒቱን መርሳት። ብዙ ሽሮፖች ስኳር አላቸው፤ ማታ ጥርስ ከተቦረሸ በኋላ የሚሰጡ ከሆነ ስኳሩ ሌሊቱን ሙሉ ጥርስ ላይ ያድራል። ለአስም በአፍ የሚሳበው ስቴሮይድ የተባለ መድኃኒት ከተወሰደ በኋላ አፍን በውኃ መጉመጥመጥ ያስፈልጋል። ለሚጥል ሕመም የሚሰጠው ፌኒቶይን ድድን ሊያሳብጥ ይችላል። አፍ የሚያደርቁ መድኃኒቶችም ብዙ ናቸው፤ ምራቅ ሲቀንስ ጥርስ ቶሎ ይበሰብሳል።

ጥርስ ሊነቀል ነው ብሎ የደም ማቅጠኛን በራስ ውሳኔ ማቆም። ይህ ለደም መርጋት ያጋልጣል። መድኃኒቱን ስለማቆምም ሆነ ስለመቀጠል የሚወስኑት ሐኪሞቹ ናቸው፤ የእኛ ድርሻ የመድኃኒቶቹን ዝርዝር ይዞ መሄድ ነው።

«እስክወልድ ልቻለው» ማለት። በእርግዝና ጊዜ ጥርስ መታከም ይቻላል፤ መካከለኛዎቹ 3 ወራት የበለጠ ይመቻሉ። ካስመለሰ በኋላ ግን ወዲያው አይቦረሽም፤ አሲዱ ጥርሱን አለስልሶታልና በውኃ ተጉመጥምጦ አንድ ሰዓት ያህል መቆየት ይሻላል።

ጥርስ ሐኪም ቤት በሄድንበት በመጀመሪያው ቀን ሁሉን ለመጨረስ መጣደፍ። ድምፅና ብርሃን የሚረብሸው ልጅ የመጀመሪያ ቀን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ቢወርድ ይበቃል። በሚቀጥለው የሐኪሙን የጥርስ ማያ መስታወት በእጁ ይያዝ፤ ቀጥሎ ጥርሱ ይቆጠርለት። ጥቁር መነጽርና ጆሮ መሸፈኛም ይረዳል።

ታካሚውን ትቶ ከአስታማሚው ጋር ብቻ ማውራት። ይህ የባለሙያዎች ስህተት ነው፤ እኛም ዝም ብለን እናግዘዋለን። ማየት ለማይችል ሰው «አሁን በግራ በኩል መስታወት ላስገባ ነው» ይባላል። ከንፈር እያነበበ ለሚረዳ ሰው ደግሞ ጭምብሉ ወረድ ይደረግና ፊቱን እያዩ ይነገረዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው መሣሪያ የሚነሣው።