የአውሮፓ አሮጌ ቤቶችና በሮቻቸው ፎቶ ላይ ሲበላሹ፦ ችግርና መፍትሄ

በዓይን ሲያዩት ልብ የሚሰርቅ አሮጌ ቤት ፎቶ ላይ ተራ ግድግዳ ሆኖ ይቀራል። ብዙ ሰው ካሜራውን ይወቅሳል። እኔ ግን ጥፋቱ በአብዛኛው የቆምንበት ቦታና የሄድንበት ሰዓት ነው ባይ ነኝ። የሚከተለው ለስልክም ለትልቅ ካሜራም ይሠራል።

ቤቱ ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል

ግራና ቀኙ ወደ ላይ እየጠበበ ይሄዳል። ምክንያቱ ጣሪያውን ለማስገባት ስልኩን ወደ ላይ ማቅናታችን ነው። ካሜራው ከግድግዳው ጋር ትይዩ መሆኑ ሲቀር ቀጥ ያሉት መስመሮች መገናኘት ይጀምራሉ። ስልኩን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። መንገዱን ተሻግራችሁ ራቁና በ2 ወይም በ3 እጥፍ ዙም አንሱ። መራቂያ ከሌለ በቤቱ ዙሪያ ሰፋ ያለ ቦታ ትታችሁ አንሱና እንደ ስናፕሲድ ወይም ላይትሩም ባለ የፎቶ ማስተካከያ መተግበሪያ አስተካክሉት። ማስተካከሉ ጠርዙን ይቆርጣል፤ ቦታ ተዉ ያልኩት ለዚህ ነው።

አስተካክዬውም ጠማማ ነው

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ቤቱ ራሱ ጠማማ ሊሆን ይችላል።

አምስተርዳም ውስጥ በቦዮቹ ዳር ከተደረደሩት ቀጫጭን ቤቶች ብዙዎቹ ወደ መንገዱ ያዘነበሉት ሆን ተብሎ ነው። ነጋዴዎቹ እዚያው ይኖሩ ነበር፤ ሸቀጣቸውንም ላይኛው ፎቅ ያከማቹ ነበር። ደረጃው ጠባብ ስለሆነ ዕቃ የሚወጣው ከጣሪያው ሥር ወጣ ብሎ በተተከለ ወራጅ ላይ በገመድ ተስቦ ነው። ግድግዳው ወደ ፊት ካዘነበለ የተንጠለጠለው ዕቃ መስኮት አይመታም። ዛሬም ሶፋ በዚሁ መንገድ ሲወጣ ታያላችሁ። ወደ ጎን ያጋደሉት ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። ቤቶቹ የቆሙት ለስላሳ አፈር ውስጥ በተተከሉ የእንጨት ምሰሶዎች ላይ ነው። ምሰሶው ሲበሰብስ ወይም ሲሰምጥ ቤቱ ያጋድላል።

ስለዚህ ልካችሁ ቤቱ አይሁን። ፊት ለፊት ስትቆሙ የቦዩን ውሃ ዳር አግድም አድርጉ፤ ከዚያ ቤቱ እንደፈለገ ያጋድል። ወደ ፊት ማዘንበሉን ለማሳየት ደግሞ ከፊት ለፊት ሳይሆን ከረድፉ ጫፍ ቆማችሁ በጎን አንሱ። ሁሉን መስመር ማቅናት የቤቱን ዕድሜ መሰረዝ ነው።

በሩ ጥቁር ጉድጓድ፣ ሰማዩ ነጭ

በሩ ከግድግዳው ወደ ውስጥ ገባ ያለ ስለሆነ ጥላ ይውጠዋል። ሰማዩን ከፎቶው አስወጡት። ስክሪኑ ላይ በሩን ነክታችሁ ብርሃኑን አስተካክሉ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ደመናማ ቀን መሄድ ነው።

ቅርጻ ቅርጹ ጠፍጣፋ ሆነ

እዚህ ደመናው ጠላት ነው። በላትቪያ ዋና ከተማ በሪጋ፣ አልበርታ ጎዳና ላይ ሚካኢል አይዘንስታይን የነደፋቸው ቤቶች ፊታቸው በሰው ፊት፣ በጭምብልና በአበባ የተሞላ ነው። ጥላ ከሌለ ያ ሁሉ ሥራ እንደ ግድግዳ ወረቀት ይሆናል። ፀሐይ ግድግዳውን ከጎን እየዳበሰች የምታልፍበትን ሰዓት ጠብቁ። ወደ ሰሜን የዞረ ግድግዳ ከሆነ ፀሐይ የሚያገኘው በበጋቸው ወራት ማለዳና ምሽት ላይ ብቻ ነው። ፍላሽ አታብሩ፤ ጭራሽ ያጠፋዋል።

በሩ ላይ የራሴ ምስል ይታያል

ደብሊን፣ ሜሪየን አደባባይ ዙሪያ ያሉት በሮች ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ ሆነው በሚያብረቀርቅ ቀለም የተቀቡ ናቸው። ከበላያቸው ኮሪደሩን የሚያበራ የግማሽ ክብ መስታወት አለ። ፊት ለፊት ከቆማችሁ ምስላችሁ በላያቸው ይታያል። ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ በሉ። ለካሜራ ፖላራይዘር ፊልተር (ሌንሱ ፊት የሚገጠም መስታወት) ካላችሁ እያዞራችሁ ሞክሩት፤ የቀለሙንና የመስታወቱን ነጸብራቅ ይቀንሳል። የነሐሱን ማንኳኪያ ግን አይረዳውም፤ የብረት ነጸብራቅ በፊልተር አይጠፋም። ለእሱ መፍትሄው ቦታ መቀየር ብቻ ነው።

መንገዱ ጠባብ ነው፣ ቤቱ አልገባ አለ

በሰፊው ሌንስ በግድ አታስገቡት፤ ጠርዙ ላይ ያለው ሁሉ ይለጠጣል። ፕራግ ውስጥ ኔሩዶቫ ጎዳና ላይ ቀና በሉ። በከተማው የቤት ቁጥር የተጀመረው በ1770 ነው። ከዚያ በፊት ቤት የሚታወቀው ከበሩ በላይ በተቀረጸው ምልክት ነበር፦ ሁለት ፀሐዮች፣ ቀይ በግ፣ የወርቅ ቁልፍ። ሦስት ቫዮሊን ያለበት ቤት የቫዮሊን ሠሪዎች መኖሪያ ነበር። እንዲህ ባለ መንገድ ምልክቱን፣ ጉበኑንና የበሩን ግማሽ አንሱ። ሙሉ ቤቱ ይቅር።

ሁሉም ልክ ነው፣ ግን ውበቱ የለም

ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የቆመ መኪና ወይም የቆሻሻ በርሜል ነው። እሁድ ማለዳ ሂዱ። በመርገጥ ብዛት የጎደጎደውን ደፍ ከሥር አትቁረጡት። ደፉ ላይ የተቀመጠ ጫማ ወይም የተደገፈ ብስክሌት ካለ ከቦታው አታንቀሳቅሱት፣ ይቆይ። መስኮት ውስጥ የሚታይ ሰው ካለ ግን ፎቶውን ተዉት። በሩ የሰው ቤት በር ነው።