ለሲያትል ተወዳዳሪዎች ገንዘብ የሚሰጠው ማን ነው? መዝገቡን እንዴት ማየት ይቻላል

ሲያትልና አካባቢው ምርጫ ሲደርስ የፖስታ ሳጥኑ በሚያብረቀርቁ ካርዶች ይሞላል። አንዱ «እገሌ የቤት ኪራይ ያወርዳል» ይላል። ሌላው «እገሌ ከተማውን ሊያጠፋው ነው» ይላል። አብዛኛው ሰው ሳያነብ ይጥለዋል። እናንተ ግን ከመጣላችሁ በፊት ከካርዱ ጀርባ ያለው ገንዘብ የማን እንደሆነ ማወቅ ትችላላችሁ። ግማሽ ሰዓት ቢወስድ ነው።

መጀመሪያ የካርዱን ግርጌ አንብቡ። በዋሽንግተን ግዛት ሕግ የምርጫ ማስታወቂያ ማን እንደከፈለበት መጻፍ አለበት። ያሳተመው ከተወዳዳሪው ውጪ ያለ ቡድን ከሆነ፣ የትኛውም ተወዳዳሪ እንዳልፈቀደው ይገልጻል። የፖለቲካ ኮሚቴ (ለምርጫ ገንዘብ የሚሰበስብና የሚያወጣ ቡድን) ከሆነ ደግሞ ዋና ዋናዎቹን አምስት ለጋሾች ይዘረዝራል። ፊደሉ ደቃቅ ነው፤ በስልካችሁ ፎቶ አንሱና አጉሉት። በኮሚቴው ስም አትሸወዱ። ሁሉም ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ደህንነት፣ ስለ መልካም ነገ ነው የሚያወራው። ቁም ነገሩ ያለው ለጋሾቹ ላይ ነው።

ቀጥሎ ተወዳዳሪው ከማን ገንዘብ እንደተቀበለ የሚያሳየው መዝገብ የት እንዳለ ለዩ። ሰውየው የሚወዳደረው ለሲያትል ከንቲባነት፣ ለከተማው ምክር ቤት ወይም ለከተማው ዐቃቤ ሕግነት ከሆነ የሲያትል ሥነ ምግባርና ምርጫ ኮሚሽን ድረ ገጽ ላይ ታገኙታላችሁ። ለኪንግ ካውንቲ ወይም ለኬንትና ለታክዊላ ምክር ቤት ከሆነ ግን የምርጫ ገንዘብን ለሕዝብ ይፋ ወደሚያደርገው የግዛቱ ኮሚሽን ሂዱ፤ በአጭሩ ፒዲሲ (PDC) ይባላል። ለምሳሌ ግርማይ ዛሂላይ በ2019 ለካውንቲው ምክር ቤት ሲወዳደር ማን እንደደገፈው ማየት ከፈለጋችሁ መዝገቡ እዚያ ነው። ፒዲሲ የተቋቋመው በ1972 መራጩ ሕዝብ ራሱ በድምፁ ባጸደቀው ሕግ ነው። መዝገቡን ለማየት ክፍያ የለም።

አሁን የተወዳዳሪውን ገጽ ክፈቱ። ሲ-3 የሚባለው ፎርም የገባውን ገንዘብ ያሳያል፤ ሲ-4 የገቢና የወጪ ማጠቃለያ ነው። ብዙ ሰው ጠቅላላ ድምሩን አይቶ ይወጣል። ድምሩ ግን ብዙ አይናገርም። ከፍ ያለ ገንዘብ የሰጠ ሰው ሙያውና አሠሪው ይጻፋል፤ ዋናው ጨዋታ እዚያ ነው ያለው። የአንድ ድርጅት ኃላፊዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁሉም ሕጉ የፈቀደውን ከፍተኛ መጠን ከሰጡ፣ ተነጋግረውበት ሊሆን ይችላል። ይህ ጉቦም ወንጀልም አይደለም። ግን ተወዳዳሪው ሲመረጥ በሩን ቀድሞ ማን እንደሚያንኳኳ ይጠቁማችኋል። የሐበሻ ለጋሾችን በስም ስትፈልጉ ደግሞ አንድ አጻጻፍ ሞክራችሁ አታቁሙ። ዮሐንስ ብቻ በእንግሊዝኛ ፊደል ስንት ዓይነት ይጻፋል!

ከዚያ ብዙዎች ወደሚዘሉት ክፍል እለፉ፤ ከተወዳዳሪው ኪስ ውጪ ወደሚወጣው ገንዘብ። ለተወዳዳሪው በቀጥታ የሚሰጥ ገንዘብ ጣሪያ አለው። ከእሱ ጋር ሳይመካከር ለብቻው ማስታወቂያ የሚያወጣ ቡድን ግን የፈለገውን ያህል ማውጣት ይችላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 ይህ መብት ለኩባንያዎችም እንደሚሠራ ወስኗል። ስለዚህ የተወዳዳሪው ዝርዝር ንጹሕ ሆኖ ሳለ ትልቁ ብር ጎን ለጎን ሊሄድ ይችላል።

በ2019 የሆነው ይኸው ነው። አማዞን የሲያትል ንግድ ምክር ቤት ለሚመራው ኮሚቴ ወደ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። ከዚህ ውስጥ 1 ሚሊዮኑ የገባው ምርጫው ሦስት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ነው። መዝገቡ ክፍት ስለሆነ ወሬው ወዲያው ወጣ፤ ገንዘቡ ራሱ የምርጫው አጀንዳ ሆነ። ኮሚቴው በሰባቱ የከተማው ምክር ቤት ወረዳዎች ከደገፋቸው ተወዳዳሪዎች ያሸነፉት ሁለት ብቻ ናቸው። በ2020 መጀመሪያ ላይ ደግሞ የከተማው ምክር ቤት የውጭ ባለሀብቶች ጉልህ ድርሻ ያላቸው ኩባንያዎች በከተማው ምርጫ ገንዘብ እንዳያወጡ የሚከለክል ሕግ አጸደቀ።

ቀኑንም ልብ በሉ። ከምርጫው 21 ቀንና 7 ቀን በፊት ማጠቃለያ ሪፖርት ይቀርባል። የድምፅ መስጫ ወረቀቱ በፖስታ የሚላክላችሁ በሁለቱ መካከል ነው። እኔ ብሆን ወረቀቱ በደረሰኝ ቀን አልሞላም። የሰባት ቀኑ ሪፖርት እስኪወጣ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ በኋላም ፖስታ ቤት ለማድረስ ጊዜ አለ።

የእናንተም ስም መዝገቡ ላይ ሊገባ እንደሚችል አትርሱ። ሲያትል ለነዋሪዎቿ እያንዳንዳቸው 25 ዶላር የሆኑ፣ ለወደዱት ተወዳዳሪ የሚሰጧቸው አራት የዴሞክራሲ ቫውቸሮች ትልካለች። ሕዝቡ በ2015 አጽድቆት በ2017 የተጀመረ ነው። ዜጋ ያልሆነ ግሪን ካርድ ያለው ሰውም 18 ዓመት ከሞላው አመልክቶ ማግኘት ይችላል፤ መመሪያው በአማርኛም አለ። ቫውቸሩን ለማን እንደሰጣችሁ ግን ከነስማችሁ ለሕዝብ ይፋ ይሆናል። ቫውቸር መሸጥ ክልክል ነው። ከኪሳችሁ መስጠት ከፈለጋችሁም ግሪን ካርድ ይበቃል፤ በቪዛ ያለ ሰው ግን በአሜሪካ ለየትኛውም ተወዳዳሪ አንድ ዶላር መስጠት አይፈቀድለትም። መዝገቡን ማንበብ ግን የማንንም ወረቀት አይጠይቅም። የጎደለ ወይም የተደበቀ ነገር ካያችሁ አቤቱታ ማቅረቢያው እዚያው የፒዲሲ ድረ ገጽ ላይ አለ።