ጨርቅ ወይስ ቆዳ? የስፖርት መኪና ወንበር ሲመረጥ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

የስፖርት መኪና ሊገዛ የተነሳ ሰው ስለ ፈረስ ጉልበት ወር ሙሉ ያነባል። ስለ ጎማ ይከራከራል። የጭስ ማውጫ ድምፅ ለመስማት ቪዲዮ ሲያይ ያመሻል። ወንበሩ ላይ ሲደርስ ግን «ቆዳ ይሁንልኝ» ብሎ በአንድ አፍ ያልፋል። የእኔ ሥራ የመኪና ወንበር መፍታት፣ መስፋትና መልሶ ማልበስ ነው። ያቺ ችኮላ ከጊዜ በኋላ ምን ይዛ እንደምትመጣ የማየው እኔ ነኝ። አንድ ነገር ለእያንዳንዱ ሰው ደጋግሞ መናገር ስለሰለቸኝ ጽፌው ልረፍ።

ቆዳ ምንጊዜም ይበልጣል ብሎ መነሳት

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ቆዳ የደላው ሰው ምርጫ፣ ጨርቅ ደግሞ ብር ያጠረው ሰው ምርጫ ተደርጎ ይወራል። ቀስ እያሉ ለሚንሸራሸሩበት ትልቅ የቤት መኪና ወሬው ያስኬድ ይሆናል። ለኩርባ ለተሠራ መኪና ግን አይሠራም።

እስቲ አስቡት። ጥሩ ጎማ ያለው የስፖርት መኪና ኩርባ ላይ ሲጠመዘዝ፣ ሰውነታችሁን ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል ከራሳችሁ ክብደት ጋር ሊቀራረብ ይችላል። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው፣ 75 ኪሎ የሚሆን ሸክም በጎኑ ተደግፎ እንደሚገፋው ቁጠሩት። ያንን ማን ይይዘዋል? ተራ የደህንነት ቀበቶ ዋና ሥራው ወደ ፊት እንዳትወረወሩ ነው። ጎን ለጎን የሚይዛችሁ ወንበሩ ነው። በአንድ በኩል ግራና ቀኝ ከፍ ብለው ጭናችሁንና ጎናችሁን የሚያቅፉት ክፍሎች አሉ፤ እኛ ክንፍ ነው የምንላቸው። በሌላ በኩል የተቀመጣችሁበት የወንበር ልብስ፣ ማለትም የጨርቁ ወይም የቆዳው፣ ሰበቃ አለ። ጨርቅ ሱሪያችሁን ይዞ ያስቀራችኋል። የሚያብለጨልጭ አዲስ ቆዳ ግን ያንሸራትታችኋል።

አንድ ደንበኛ ነበረኝ። «መሪው ልክ አይደለም፣ ኩርባ ላይ አይታዘዘኝም» እያለ የጎማ አሰላለፍ አስተካክሏል፤ ጎማም ቀይሯል። ምንም ለውጥ የለም። እኔ ጋ የመጣው ለሌላ ጉዳይ ነው፤ የተተረተረ ስፌት ሊያሰፋ። ነገሩ ስለከነከነኝ አብሬው ወጣሁ። ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ኩርባ ላይ ስንደርስ መንገዱን ትቼ እሱን አየሁት። ቂጡ ቆዳው ላይ ወደ ግራ ሸርተት አለ። ወዲያው ግራ ጉልበቱ በሩን ደገፈ። ትከሻው ተወጠረ። ሁለት እጁ መሪው ላይ ተንጠለጠለ። ራሱን ደግፎ ለማቆም መሪውን እንደ አውቶቡስ እጀታ ይዞታል! እንዲህ የተንጠለጠለ እጅ ጎማው የሚነግረውን ከየት ይስማ? የመቀመጫውንና የጀርባውን መሃል በጨርቅ ቀየርንለት፤ ክንፎቹን በቆዳቸው ተውናቸው። የመሪው ክስ እዚያው ቀረ።

ጨርቅ ለሚንቁ ሰዎች ሁለት ነገር ልጨምር። የውድድር መኪና ወንበር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ልብሱ አብዛኛውን ጊዜ እሳት ቶሎ የማይዘው ጨርቅ ነው። ከዚያ ደግሞ ታሪኩን እዩ። እ.ኤ.አ. የ1976ቱ የቮልስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ እስከ ዛሬ የሚታወቀው ጉንሂልድ ሊልየኲስት በነደፉት ባለ መስመር ቼክ ጨርቅ ነው። የጎልፍ ኳስ የምትመስለውን የማርሽ እጀታም ያመጡት እሳቸው ናቸው። ፖርሽ ደግሞ ጥቁርና ነጩን ፔፒታ ለ911፣ ዓይን የሚያጭበረብረውን ፓሻ ለ928 አልብሷል። ዛሬ አሮጌ ፖርሽ የሚያሳድሱ ሰዎች እነዚህን ጨርቆች በመብራት ይፈልጋሉ።

ቆዳን እያጥላላሁ አይደለም። ክንፉ ጥልቅ ከሆነና ገላችሁን ልክክ አድርጎ ከያዘ፣ ቆዳ ቢሆንም የትም አትሄዱም። ጉዱ ያለው ዝርግ ወንበር ላይ የተወጠረ ቆዳ ነው። የኔን ምርጫ ከጠየቃችሁኝ፣ መሃሉ ጨርቅ ክንፉ ቆዳ የሆነ ወንበር ነው። መሃሉ ይዞ ያስቀምጣል፤ ክንፉ ፍትጊያውን ይችላል።

ቆዳው የት ድረስ እንደሆነ አለመጠየቅ

«የቆዳ ወንበር» ተብሎ በሚሸጥ መኪና ብዙ ጊዜ ቆዳ የሆነው ገላችሁ የሚነካው ፊቱ ብቻ ነው። ጎኑ፣ ጀርባውና የራስ መደገፊያው ኋላ ሰው ሠራሽ ነው። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ ዝርዝሩ ላይ ተጽፏል፤ የሚያነበው ግን የለም። ሰው ሠራሽ ሁሉም ቀሽም ነው ማለትም አይደለም። የመርሴዲስ ኤምቢ ቴክስ ለምሳሌ በጥንካሬው ስም ያተረፈ ነው። የምቃወመው የቆዳ ዋጋ ከፍሎ ምን እንደገዛ አለማወቅን ነው።

አልካንታራን እንደ ቆዳ መቁጠር

አልካንታራ ከየትኛውም እንስሳ አልመጣም። ሚዮሺ ኦካሞቶ የተባሉ የጃፓኑ ቶሬይ ኩባንያ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970 የፈለሰፉት፣ ጣሊያን ውስጥ የሚመረት፣ ከፖሊስተርና ከፖሊዩሪቴን የሚሠራ ነገር ነው። እንደ ጨርቅ ይይዛል፤ እንደ ተፋቀ ቆዳ ይለሰልሳል። ለስፖርት ወንበር እሰየው ነው። ግን የቆዳ ቅባት ቀብተውት የሚመጡ ሰዎች አሉ! ፀጉሩ ተጣብቆ፣ ተድጦ፣ እንደ አሮጌ ኮት ክርን አብረቅርቆ ይመጣል። በትንሹ ረጠብ ያለ ንጹሕ ጨርቅ፣ ሲደርቅ ለስላሳ ብሩሽ፤ ይኸው ነው። ላብና የእጅ ወዝ ቶሎ ስለሚያደቀው ከመቀመጫው ይልቅ መሪው ላይ የበለጠ ያስቸግራል።

ክንፉ ላይ እየተቀመጡ መግባት

የስፖርት መኪና ዝቅ ያለ ነው። ሰው ሲገባ ዘፍ ይላል፤ የሚያርፈውም የሹፌሩ የውጭ ክንፍ ላይ ነው። ሲወጣም እዚያው ክንፍ ላይ ተንፏቆ ይወጣል። በቀን ስንት ጊዜ እንደሆነ እናንተው ቁጠሩት። የሱሪ ኋላ ኪስ ላይ ያለች የብረት አዝራር፣ ወገብ ላይ የተንጠለጠለ ቁልፍ፣ የቀበቶ ዘለበት፤ ሁሉም እዚያች ቦታ ላይ ይፋተጋሉ። ጨርቅ ከሆነ ይላጫል፣ ከዚያ ክሩ ይወጣል። ቆዳ ከሆነ መጀመሪያ ቀለሙ ይለቃል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ግን ልብሱ ምንም ይሁን ምን ይሟሽሻል።

«የትኛው ይበረክታል?» ለሚለኝ ሰው የምመልሰው «እንዴት ነው የምትገባው?» ብዬ ነው። ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ክንፉን ተሻገሩና መሃሉ ላይ ተቀመጡ፤ እግር ከዚያ ይከተላል። ስትወጡ ደግሞ የበሩን ደፍ በእጃችሁ ተደግፋችሁ ተነሱ። ጉልበት ወይም ወገብ የሚያማችሁ ከሆነ ይህን ማድረግ ስለሚከብድ ክንፉ ጥልቅ የሆነውን ወንበር ተዉት። ልብሱ ቀርቶ መኪናው ራሱ ያስመርራችኋል።

በላዩ ላይ ሌላ ልብስ ማልበስ

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ጥሩ ቆዳ ገዝቶ «እንዳይበላሽ» ብሎ በላዩ ላይ ለሁሉም መኪና ይሆናል የተባለ ልብስ የሚያጠልቅ ሰው፣ ቆዳውን አይቶትም ተቀምጦበትም አያውቅም። እሱስ ይሁን፣ ገንዘቡ ነው። የሚያስፈራኝ ሌላው ነው።

በብዙ መኪኖች የጎን ኤርባግ የተቀበረው ወንበሩ ጎን ውስጥ ነው። ሲፈነዳ የሚወጣው የወንበሩን ስፌት ቀድዶ ነው። ያቺ ስፌት በሌላው ቦታ እንዳለው ስፌት አይደለችም። በተለየ ክር፣ በተለካ አሰፋፍ፣ ልትቀደድ ተብላ የተሰፋች ናት። በላይዋ ወፍራም ልብስ ስታለብሱባት፣ ወይም ጉዳዩን የማያውቅ ሰው በጠንካራ ክር ሲደግማት፣ ኤርባጉ በቅጽበት መውጣት ሲገባው ይዘገያል ወይም አቅጣጫውን ይስታል። ወንበራችሁ ጎን ላይ የኤርባግ ምልክት ያለበት ጨርቅ ወይም ፕላስቲክ ካለ የምለው ለእናንተ ነው። ወንበር አሠርታችሁ ስትረከቡም «የኤርባጉን ስፌት በምን ሰፋኸው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሠሪው ከተንተባተበ መኪናውን ቀድሞውንም ልትሰጡት አይገባም ነበር።

ደግሞ እነዚያ ልብሶች ክንፉን ሞልተው ዝርግ ያደርጉታል። ለስፖርት ወንበር ከፍሎ ሶፋ ላይ መቀመጥ!

ነጣ ያለ ቆዳ እና አዲስ ጂንስ

አዲስ ጥቁር ሰማያዊ ጂንስ ቀለሙን ክሬም ቆዳ ላይ ይለቃል። ሳይቆይ ከጠረጋችሁት ይጠፋል፤ ከከረመ ግን ሰማያዊ ጥላ ሆኖ ይቀራል።

ፀሐይንና ዝናብን መርሳት

ፀሐይ ላይ ዘግታችሁ ያቆማችሁት መኪና ውስጥ ያለ ጥቁር ቆዳ በቁምጣ ለተቀመጠ ሰው ምን እንደሚያደርግ አንዴ የቀመሰ አይረሳውም። ጨርቅም ይሞቃል፤ ግን እንደዚያ አይለበልብም፤ ላብም ያስተነፍሳል። አንዳንድ አምራቾች ይህን አይተው ፀሐይን የሚመልስ ቀለም ያለው ቆዳ ሠርተዋል፤ ቢ ኤም ደብሊው አንዱ ነው። ልዩነቱ ይሰማል፤ ተአምር ግን አትጠብቁ። ቅዝቃዜ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ቆዳ ጠዋት እንደ በረዶ ይቀበላችኋል፤ የሚሞቅ ወንበር ከሌለው ጨርቅ ይሻላል።

ጣሪያው የሚከፈት መኪና ከሆነ ግን እዚህ ላይ ቆዳን እደግፋለሁ። ድንገት ዝናብ ቢይዛችሁ ቆዳውን ትጠርጉታላችሁ፣ ያበቃል። ጨርቁ ውሃውን ወደ ስፖንጁ ያወርደዋል። ስፖንጅ ደግሞ ከላይ የደረቀ መስሎ ከውስጥ ለቀናት ርጥብ ሆኖ ይቆያል፤ ከዚያ ሻጋታ፣ ከዚያ ያ ሽታ። ሲጋራ የሚያጨስ፣ ቡና ይዞ የሚገባ ሰው ያለበት መኪናም እንዲሁ ነው። ውሻ ካላችሁ ሁለቱም ያጣሏችኋል። ጨርቁ ፀጉሩን አይለቅም፤ ቆዳውን ጥፍሩ ይበሳዋል።

«ቆዳውን መመገብ»

የዛሬ የመኪና ቆዳ አብዛኛው ከላዩ ቀለምና መከላከያ ሽፋን አለው። የምትቀቡት ዘይትና ክሬም በአብዛኛው ሽፋኑ ላይ ነው የሚቀረው። እዚያ ተቀምጦ አቧራ ይሰበስባል፤ ወንበሩንም አንሸራታች ያደርገዋል። ለኩርባ የገዛችሁትን ወንበር በገዛ እጃችሁ ዘይት ቀባችሁት ማለት ነው። ቆዳን የሚገድለው በዋናነት ቆሻሻ ነው። ላብና አሸዋ ተደባልቀው እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርዱታል። ቀለል ባለ የቆዳ ሳሙና፣ በረጠበ ጨርቅ በየጊዜው መጥረግ ከማንኛውም ቅባት ይበልጣል። የዕቃ ሳሙና፣ አልኮል፣ ያ «ሁሉን ያጠፋል» የሚባለው ነጭ ስፖንጅ ግን አይነኩት። ነጩ ስፖንጅ የሚያጸዳው እየፋቀ ነው፤ ከእድፉ ጋር ሽፋኑንም ይዞ ይሄዳል።

ወንበሩ አየር የሚነፍስ ባለ ቀዳዳ ከሆነ ክሬሙ ቀዳዳውን ይደፍነዋል።

ጨርቅን ደግሞ በባልዲ ውሃ አትጠቡት። በደረቁ አቧራውን ምጠጡ፣ በትንሽ አረፋ ጥረጉ፣ አየር አስገቡለት።

ጨርቅ ስለሆነ መኪናው ይቀላል ማለት

የልብሱ ልዩነት ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። ከባዱ ወንበሩን የሚያንቀሳቅሰው ሞተር፣ የወንበሩ የብረት አካልና ማሞቂያው ነው። ነገር ግን ቆዳ ስታዙ እነዚህ ሁሉ አብረው ተጠቅልለው ሊመጡ ይችላሉ። በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ ወንበር አንዳንድ መኪና ላይ በእጅ ከሚስተካከለው ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ረጅም ሰው ከሆናችሁ፣ በተለይ የራስ ቁር አድርጋችሁ ትራክ ላይ የምትነዱ ከሆነ፣ ሁለቱንም ተቀምጣችሁ ሞክሩ። ስትሞክሩም ለደቂቃ ገብታችሁ አትውጡ። ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ፤ ዘወትር በምትለብሱት ልብስ።

ያገለገለ ሲገዙ ወንበሩን ለጌጥ ማየት

ወንበር ይናገራል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ትንሽ አሳይቶ የሹፌሩ የውጭ ክንፍ ከተሟሸሸ፣ ከሁለቱ አንዱ እየዋሸ ነው፤ ስፖንጅ ደግሞ መዋሸት አይችልም። ጨርቅ ከሆነ መዳፋችሁን መሃሉ ላይ ጫን አድርጋችሁ አሽቱት፤ ውሃ የጠጣ ስፖንጅ ሽታው ያጋልጠዋል።

ቆዳ ከሆነና ከዕድሜው በላይ አዲስ ከመሰላችሁ ስፌቱን ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ከፋብሪካ ሲወጣ ክሩ የራሱ ቀለም አለው። እንደገና የተቀባ ወንበር ላይ ግን ቀለሙ ክሩንም አልብሶት፣ የመርፌውን ቀዳዳዎች ደፍኗቸው ታገኛላችሁ። ነጭ ጨርቅ በትንሹ አርጥባችሁ ክንፉን እሹ። ጨርቁ ላይ ቀለም ከወጣ፣ የዋጋውን ድርድር ከዚያ ጀምሩ።