ፔሮል አሠራር ለአካውንቲንግ ሠልጣኞች፦ ከመሠረታዊ ደመወዝ እስከ ጆርናል

በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የአካውንቲንግ ትምህርት ውስጥ ተመራቂው ቢሮ በገባበት ወር ይጠየቅበታል ብሎ መጠበቅ ያለበት ሥራ ፔሮል፣ ማለትም የሠራተኞችን ወርሃዊ ክፍያና ተቀናሽ አስልቶ መመዝገብ፣ ነው። ስሌቱ ከባድ አይደለም። ስህተት የሚበዛው የትኛው ቁጥር በየትኛው ተመን እንደሚባዛ ሲምታታ ነው፤ ጡረታ፣ ግብርና ትርፍ ሰዓት የሚሰሉበት መነሻ የተለያየ ነውና።

ሂሳብ ከመጀመራችሁ በፊት ሰንጠረዡን አስምሩ። ዓምዶቹ ከግራ ወደ ቀኝ፦ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ መሠረታዊ ደመወዝ፣ ትርፍ ሰዓት፣ ግብር የሚከፈልበት አበል፣ ከግብር ነፃ አበል፣ ጠቅላላ ክፍያ፣ የሥራ ግብር፣ የጡረታ 7%፣ ሌሎች ተቀናሾች፣ ጠቅላላ ተቀናሽ፣ የተጣራ ተከፋይ፣ ፊርማ። ሁለቱን የአበል ዓምዶች አታዋህዱ። የትራንስፖርት አበል በመመሪያ እስከተወሰነ ገደብ ድረስ ከግብር ነፃ ስለሆነ፣ ነፃው በአንዱ ዓምድ ትርፉ በሌላው መግባት አለበት። ፈተና ላይ ገደቡ ከተሰጣችሁ የተሰጠውን ተጠቀሙ።

አሁን አንድ ሠራተኛ እንውሰድ። የግል ድርጅት ተቀጣሪ ነው፤ መሠረታዊ ደመወዙ 12,000 ብር፣ ግብር የሚከፈልበት የኃላፊነት አበሉ 1,500 ብር ነው። በወሩ ውስጥ በሥራ ቀናት ከመደበኛ ሰዓት በኋላ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት፣ 6 ሰዓት ትርፍ ሠርቷል። ለሠራተኞች ቁጠባና ብድር ማኅበር በየወሩ 500 ብር ይቆረጥበታል።

መጀመሪያ ትርፍ ሰዓቱ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለተሠራ ትርፍ ሰዓት የሰዓቱ ክፍያ በ1.5 ይባዛል። ከምሽቱ 4 እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ከሆነ በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል ቀን ደግሞ በ2.5 ነው። የሰዓቱን ክፍያ ለማግኘት ደመወዙን ለ208 አካፍሉ፤ 208 የሚመጣው ከ26 የሥራ ቀን በ8 ሰዓት ነው። 12,000 ÷ 208 × 1.5 × 6 = 519.23 ብር። እዚህ ላይ 57.69 ብላችሁ አጠጋግታችሁ ከቀጠላችሁ 519.21 ይወጣል። ሁለት ሳንቲም ናት፤ ግን ብዙ ሠራተኛ ባለበት ፔሮል ላይ እየተጠራቀመች ድምሩን ታዛባለች። የማጠጋጋት ሥራ መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይሁን።

ጠቅላላው 12,000 + 1,500 + 519.23 = 14,019.23 ብር ሆነ። ከግብር ነፃ አበል ስለሌለው ግብር የሚሰላው በዚሁ ሙሉ መጠን ላይ ነው። የሠራተኛውን ጡረታ አስቀድሞ ቀንሶ በቀረው ላይ ግብር ማስላት የተለመደ ስህተት ነው፤ አይቀነስም።

በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 የተሻሻለው የወር የሥራ ግብር ተመን የሚከተለው ነው፤ እዚህ «ተቀናሽ» ማለት በመቶኛው ከተባዛው ላይ የሚቀነስ ቁጥር ነው፦

እስከ 2,000 ብር፦ ነፃ
ከ2,001 እስከ 4,000፦ 15%፣ ተቀናሽ 300
ከ4,001 እስከ 7,000፦ 20%፣ ተቀናሽ 500
ከ7,001 እስከ 10,000፦ 25%፣ ተቀናሽ 850
ከ10,001 እስከ 14,000፦ 30%፣ ተቀናሽ 1,350
ከ14,000 በላይ፦ 35%፣ ተቀናሽ 2,050

14,019.23 × 35% = 4,906.73፤ ከዚህ ላይ 2,050 ሲቀነስ ግብሩ 2,856.73 ብር ይሆናል። ይህን ተቀናሽ የረሳ ሰው ሠራተኛውን 2,050 ብር አብልጦ ያስከፍለዋል። ተቀናሹ ልዩ ስጦታ አይደለም፤ 35% የሚመለከተው ከ14,000 በላይ ያለችውን 19.23 ብር ብቻ ስለሆነ፣ በታችኛው እርከን ላይ በብልጫ የተሰላውን የሚመልስ ቁጥር ነው። ካላመናችሁ እርከን በእርከን ደምሩት፦ 0 + 300 + 600 + 750 + 1,200 + 6.73። ያው 2,856.73 ነው።

የቆየ የፈተና ወረቀት ስትለማመዱ ተጠንቀቁ። በአዋጅ ቁጥር 979/2008 ተመን የተሠራ መልስ ከ10,900 በላይ 35% ብሎ 1,500 ይቀንሳል፤ በዚያ ስሌት የዚህ ሠራተኛ ግብር በ550 ብር ይበልጣል። ከቢሮ የወረሳችሁት የኤክሴል ፋይልም እንደዚያው አሮጌውን ተመን ይዞ ሊሆን ይችላልና ቀመሩን ከፍታችሁ እዩ።

ጡረታ የሚሰላው በመሠረታዊ ደመወዝ ላይ ብቻ ነው። አበልም ትርፍ ሰዓትም አይገቡም። ሠራተኛው 7% ማለትም 840 ብር፣ አሠሪው 11% ማለትም 1,320 ብር ያዋጣሉ። የአሠሪው 1,320 ከሠራተኛው ተቀናሽ ዓምድ ውስጥ ፈጽሞ አይታይም።

ተቀናሾቹ 2,856.73 + 840 + 500 = 4,196.73፤ የተጣራ ተከፋይ 9,822.50 ብር።

ጆርናሉ፣ ማለትም ሂሳቡ በዴቢት (ግራ) እና በክሬዲት (ቀኝ) የሚመዘገብበት መዝገብ፣ ሁለት ምዝገባ ይፈልጋል። በመጀመሪያው የደመወዝ ወጪ 14,019.23 ዴቢት ይሆናል። ክሬዲት የሚሆኑት ተከፋይ የሥራ ግብር 2,856.73፣ ተከፋይ ጡረታ 840፣ ተከፋይ ቁጠባ 500 እና ተከፋይ ደመወዝ 9,822.50 ናቸው። በሁለተኛው የጡረታ ወጪ 1,320 ዴቢት፣ ተከፋይ ጡረታ 1,320 ክሬዲት። ሠልጣኞች አዘውትረው የሚዘሉት ይህን ሁለተኛውን ነው፤ ሲዘለል ወጪው አንሶ ትርፉ ያለአግባብ ይበልጣል፣ ዕዳውም ከሚከፈለው ጋር አይገጥምም። በትክክል ከተመዘገበ ተከፋይ ጡረታ 2,160 ያሳያል፤ ይህም የ12,000 18% ነው።

ከማስፈረማችሁ በፊት ድምሩን ወደ ታችም ወደ ጎንም ፈትሹ፦ የጠቅላላ ክፍያ ዓምድ ድምር ሲቀነስ የጠቅላላ ተቀናሽ ድምር ከተጣራ ተከፋይ ድምር ጋር እኩል መሆን አለበት። ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ የሚካፈል ከሆነ ሁለት አኃዞች ቦታ ተለዋውጠው ተጽፈው ይሆናል፤ 840 ተብሎ 480 ቢጻፍ ልዩነቱ 360 ነው። ለ2 ሲካፈል ሰንጠረዡ ላይ ያለ ቁጥር ከሰጠ ደግሞ፣ መቀነስ የነበረበት ተደምሮ እንደሆነ ፈልጉ።

ከሠራተኛው የተያዘው ግብር ወሩ ባለቀ በ30 ቀን ውስጥ ለግብር ባለሥልጣኑ ገቢ ይደረጋል። ገቢ ሲሆን ተከፋይ የሥራ ግብር ዴቢት፣ ባንክ ክሬዲት ይደረጋል፤ ወጪ ተብሎ ድጋሚ አይመዘገብም።