በክረምት ማታ ከውሻ ጋር ለምትሮጡ

ሱሉልታ ወይም ለገጣፎ በኩል በክረምት ማታ ከውሻችሁ ጋር የምትሮጡ ካላችሁ፣ ከዝናቡ ይልቅ ጅቡን አስቡ። ሰው ቢፈራም ውሻ ላይ ግን ይጨክናል። ወንዝ ዳርና ቆሻሻ የሚጣልበት አካባቢ ድርሽ አትበሉ።

የግንባር ባትሪ እሰሩ። ብርሃኑ ሲያርፍበት ዓይኑ ስለሚያበራ ከሩቅ ትለዩታላችሁ። ያኔ ሩጫውን አቁሙ፤ ውሻውን ወደ እግራችሁ ሰብስባችሁ፣ ጀርባ ሳትሰጡ ቀስ እያላችሁ ተመለሱ።

ማሰሪያው አጭር ይሁን፤ ጣታችሁ ላይ ግን አትጠምጥሙት። ውሻው በድንገት ከሳበ ጣት ይሰብራል! ሲኖትራክ የሚመላለስበት መንገድ ከሆነ አንፀባራቂ ሰደርያ ልበሱ፤ መኪና ከፊት እየመጣ እንዲታያችሁ በግራ በኩል ሩጡ።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያልወሰደ ውሻ ይዞ መውጣትማ አይታሰብም፤ የሰፈሩ ውሾች መቼም ዝም ብለው አያሳልፉም።

ቤት ስትገቡ በጣቶቹ መሃል የተጠቀጠቀውን ጭቃ እጠቡለትና በደንብ አድርቁለት።