የሞተር ስፕሮኬት ሲቀየር የሚሠሩ ስህተቶች

ጎንደር ላይ የሞተረኛ ቅሬታ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። «ሰው ጭኜ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ስወጣ ይደክምብኛል።» የመካኒኩም መልስ ዝግጁ ነው። «ስፕሮኬት እንቀይርለት።» ስፕሮኬት ሰንሰለቱ የሚዞርበት ባለ ጥርስ ክብ ብረት ነው፤ አንዱ ፊት ከማርሽ ሳጥኑ፣ ሌላው ኋላ ከጎማው ጋር ነው። ምክሩ መጥፎ አይደለም። የሚበላሸው አቀያየሩ ላይ ነው።

የድካሙን ምክንያት ሳያጣሩ መቀየር

ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ስስ ነው። ተራ ሞተር በባሕር ጠለል ደረጃ ላይ ቢሆን ከሚኖረው ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ይህን የትኛውም ስፕሮኬት አይመልሰውም። ያለውን ጉልበት ለዳገት ማመቻቸት ግን ይችላል።

ነገር ግን ፍሪሲዮኑ (ክላቹ) የሚንሸራተት፣ የአየር ማጣሪያው በአቧራ የታፈነ ወይም የኋላ ፍሬኑ የያዘ ሞተርም ዳገት ላይ ይደክማል። መጀመሪያ ሞተሩን መሃል ማቆሚያው ላይ አቁሙና የኋላ ጎማውን በእጅ አሽከርክሩት። በቀላሉ ካልዞረ ፍሬኑን እዩ። ዳገት ላይ ነዳጅ ስትሰጡት ጩኸቱ ብቻ ጨምሮ ፍጥነቱ ካልጨመረ፣ ጥፋቱ የፍሪሲዮኑ ነው። ይህ ካልተስተካከለ ለስፕሮኬት የምታወጡት ብር ባክኖ ይቀራል።

የፊቱንና የኋላውን አንድ ጥርስ እኩል ማየት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ የኋላውን የጥርስ ብዛት ለፊቱ ማካፈል። ለምሳሌ ፊት 15 ኋላ 42 ከሆነ 2.8 ይመጣል። የፊቱን ወደ 14 ብታወርዱት 3.0 ይሆናል። ወደ 7 በመቶ የሚጠጋ ለውጥ ነው። ይህንኑ በኋላው ለማምጣት 42ቱን 45 ማድረግ ያስፈልጋል። ስለዚህ ፊት ላይ አንድ ጥርስ መቀነስ ኋላ ላይ ሦስት እንደመጨመር ነው።

ፊት ሲያንስ ወይም ኋላ ሲበዛ ሞተሩ ለዳገት ይቀላል። ይህን ገልብጦ «ትልቅ ይሻላል» ብሎ ፊት ላይ ባለ 16 የሚያስገጥም አለ። ከዚያ ጎሃ ዳገት ላይ በመጀመሪያ ማርሽ ያለቅሳል።

ሁለቱንም ባንዴ መቀየርም አለ። ፊት 14 ኋላ 45 ሲሆን 3.21 ይደርሳል፤ ወደ 15 በመቶ መሆኑ ነው። የመጀመሪያው ማርሽ ገና ሳትነሱ ያልቃል። በ60 ስትነዱም ሞተሩ ከድሮው 15 በመቶ አብልጦ ይዞራል፤ ይጮኻል፣ ቤንዚንም ይጠጣል። እኔ ብትጠይቁኝ ፊት ላይ አንድ ጥርስ ቀንሳችሁ ጥቂት ቀን ንዱት። ርካሹም እሱ ነው።

ከፍተኛ ፍጥነትን በወረቀት ማስላት

ፊቱን ትልቅ ካደረጉት ፍጥነት ይጨምራል የሚለው ወረቀት ላይ እውነት ነው። ሞተሩ ግን መጨረሻውን ማርሽ የሚጎትትበት ጉልበት ይፈልጋል። በስስ አየር፣ ሰው ጭኖ፣ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ አምስተኛው ማርሽ ይሞትና በአራተኛ መንዳት ይመጣል። ወደ ቆላ ድባ በደንቢያ ሜዳ ለብቻው ለሚመላለስ ሰው ትልቁ የፊት ስፕሮኬት ሊያዋጣ ይችላል። አራዳና ማራኪ ሲወጣ ሲወርድ ለሚውል ግን አይሆንም።

የሚረሳው ደግሞ ቁልቁለቱ ነው። ሊማሊሞን ወይም ከአይከል ወደ መተማ የሚወርደውን መንገድ አስቡ። ለዳገት የተመቸ ስፕሮኬት በቁልቁለት ሞተሩ ራሱ አብልጦ እንዲይዝ ያደርገዋል። ፍሬን ሳይግል መውረድ ይቻላል።

አዲስ ስፕሮኬት በአሮጌ ሰንሰለት

አሮጌ ሰንሰለት ተለጥጧል። አዲሱን ጥርስ በአጭር ጊዜ ይበላዋል። ሰንሰለቱን ከኋላው ስፕሮኬት መጨረሻ ጫፍ ላይ ይዛችሁ ወደ ኋላ ሳቡት። ከጥርሱ ግማሽ በላይ ከታየ አብራችሁ ቀይሩት።

ስትገዙም ቁጥሩን እዩ። 420 እና 428 በሚባሉት የሰንሰለት መጠኖች በመገጣጠሚያዎቹ መካከል ያለው ርቀት አንድ ነው፤ 12.7 ሚሊሜትር። ስለዚህ በዓይን የሚገጥም ይመስላል። ስፋታቸው ግን ይለያያል። የ428 ስፕሮኬት ወፍራም ስለሆነ 420 ሰንሰለት ውስጥ አይገባም። የ420ው ደግሞ 428 ላይ ይገባና ወዲያ ወዲህ ይዋልላል። ሻጩ «ይሄዳል ወንድሜ» ቢልም አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና አስተያዩ።

አገጣጠም ላይ

የፊቱን ዳዶ ወይም ብሎን ሰንሰለቱ ከመውጣቱ በፊት፣ የኋላ ፍሬን ተረግጦ አላሉ። ሰንሰለቱ ከወጣ በኋላ ስፕሮኬቱ አብሮ ይዞራል፤ ያኔ መዶሻ ይመጣል። የመጋጠሚያዋ ክሊፕ ድፍን ጫፍ ሰንሰለቱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይዙር።

ሰንሰለትን እንደ ክራር ጅማት መወጠር የተለመደ ጥፋት ነው። የኋላ ጎማ ጉድጓድ ሲመታ ይወጠራል፤ ቀድሞ የተወጠረው የማርሽ ሳጥኑን ኩሽኔታ ይጎዳል። የላላበትን መጠን ከሞተሩ መጽሐፍ እዩ፤ ጎማውን እያዞራችሁ ሰንሰለቱ በጣም በተወጠረበት ቦታ ለኩት። የኋላው ስፕሮኬት ሲተልቅ አሮጌው ርዝመት ላይበቃ ይችላል።

የፊቱን ከ14 በታች ማውረድም አልወድም። ሰንሰለቱ በጣም ስለሚታጠፍ ቶሎ ያልቃል።

የኪሎሜትር ቆጣሪውን መርሳት

ገመዱ ከፊት ጎማ የሚነሳ ከሆነ ምንም አይለወጥም። ከማርሽ ሳጥኑ የሚነሳ ከሆነ ግን ፊቱን በአንድ ስትቀንሱ ፍጥነቱንም ርቀቱንም 7 በመቶ አብዝቶ ያሳያል። በአንድ ሊትር የሄዳችሁት የጨመረ ይመስላችኋል፤ ቤንዚኑ ግን ቶሎ ያልቃል።